ደብዳቤ ሲቀንስ ፖስታ ቤት በምን ይኖራል?

ቀደም ባለው ጊዜ በኛ አገር ደብዳቤ መቀበል ትልቅ ነገር ነበር። እኛ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ሰዎች ይህን አንረሳውም። ልጅ ለውትድርና ወይም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ከዚያ ሆኖ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ካልቻለም ያስጽፋል። ደብዳቤው ብዙ ቀን ተጉዞ ወልድያ ይደርሳል። ገበያ የወጣ ጎረቤት ወይም የትምህርት ቤት መምህር ይዞት ይመጣል። እናት ደብዳቤውን ተቀብላ ትስመዋለች፤ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ከዚያ በኋላ አንባቢ ፍለጋ ትሄዳለች።

አንባቢው አንድ ተማሪ ወይም የቀበሌ ጸሐፊ ነው። እሱ ሲያነብ ጎረቤት ይሰበሰባል። ልጁ «ታምሜ ነበር» ብሎ ጽፎ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። «ገንዘብ ልኬያለሁ» ብሎ ጽፎ እንደሆነም አበዳሪው አብሮ ይሰማል። ምሥጢር የሚባል ነገር አይኖርም። አንዳንዱ አንባቢ ደግሞ ክፉውን ወሬ ዘሎ ደጉን ብቻ ያነብላታል። አዝኖላት ነው፤ አንፈርድበትም። እናት ግን የልጇን እውነት ሳታውቅ ትቀራለች።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ሲጀመር፣ ከጎልማሳው ብዙው ፊደል ለመቁጠር የተቀመጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። የራስን ደብዳቤ ራስ ማንበብ፤ መልሱንም በራስ እጅ መጻፍ።

እነሆ እኛም ዛሬ ፊደል ቆጥረን ማንበብ ጀምረናል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። እኛ ማንበብ ስንችል ደብዳቤው ጠፋ። ልጅ በሳዑዲ ዓረቢያ ሆኖ ስልክ ይደውላል፤ ገንዘቡንም በባንክ ይልካል። ታዲያ አንዳንድ ሰው «ፖስታ ቤት ዛሬ ምን ያደርጋል? ቢዘጋስ ምን ይጎዳናል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ መልሱን አብረን እንፈልጋለን።

አንድ ደብዳቤ ስንት እጅ ያልፋል?

አንድ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ወደ ሀብሩ ተላከ እንበል። ላኪው ቴምብር ገዝቶ ይለጥፍበታል። ቴምብር ማለት የማድረሻው ዋጋ አስቀድሞ መከፈሉን የሚያሳይ ትንሽ የወረቀት ምልክት ነው። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ በቴምብሩ ላይ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ ቴምብሩ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ የተላከበትንም ቀንና ቦታ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በየአገሩ ይለያል። የወልድያው ከወልድያው ጋር በአንድ ከረጢት ይገባል። ከረጢቱ ታስሮ ይታሸጋል፤ በመኪና ይጫናል። መኪናው በደብረ ብርሃን አድርጎ ጣርማ በርን ያልፋል፤ ወደ ቆላው ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ይወጣል። ከደሴ በኋላ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይደርሳል። ከመርሳም በሲሪንቃ አድርጎ ወልድያ ይገባል። ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ወልድያ ላይ ከረጢቱ ይፈታል። ደብዳቤው በፖስታ ሣጥን ውስጥ ይገባል። በአገራችን ፖስተኛ በየቤቱ እየዞረ ተራ ደብዳቤ ማደል አልተለመደም። ሣጥን የተከራየ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ቁልፉን ይዞ ሄዶ ደብዳቤውን ይወስዳል። ገበሬው ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ ሣጥን የለውም። ስለዚህ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በሚያውቀው ነጋዴ ሣጥን ይላክለታል። «በእገሌ በኩል ይድረስ» የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ቀላል ወረቀት ቴምብር ሻጩን፣ ለይቶ የሚያስረውን፣ ሹፌሩንና የሚያድለውን ሠራተኛ ሁሉ አድክሞ ነው የሚመጣው። ሁሉም ደመወዝ ይፈልጋሉ። መኪናው ነዳጅና ጎማ ይፈልጋል። ቤቱም መብራትና ዘበኛ ይፈልጋል። ይህን ወጪ በልባችን ይዘን እንቀጥል።

ፖስታ በአገራችን እንዴት ተጀመረ?

ፖስታ ቤት ከመኖሩ በፊት መልእክት የሚሄደው በእግረኛ ነበር። ንጉሡና መኳንንቱ የራሳቸው መልእክተኛ ነበራቸው። ነጋዴም ከቅፍለት ጋር ደብዳቤ ይልክ ነበር። ድኻው ግን መልእክተኛ የሚቀጥርበት አቅም አልነበረውም። ወሬ የሚያገኘው ከመንገደኛ አፍ ነበር።

የኢትዮጵያ ፖስታ የተቋቋመው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት በፓሪስ ከተማ ሲሆን ሰባት ዓይነት ነበሩ። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ ደግሞ የአንበሳ ሥዕል ነበረባቸው። በዚያን ጊዜ ባቡር አልነበረም። ደብዳቤው በእግረኛና በጋማ ከብት ወደ ሐረር፣ ከሐረርም ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

መጀመሪያ ላይ አንድ ችግር ነበር። የኢትዮጵያ ቴምብር ከድንበር ውጭ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ የሌላ አገር ቴምብርም ይጨመርበት ነበር። ይህ ችግር የተወገደው ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው። ኅብረቱ በ1867 ዓ.ም. በስዊስ አገር በበርን ከተማ የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ 192 አባል አገሮች አሉት። ሐሳቡ ቀላል ነው። «ያንተን ደብዳቤ እኔ በአገሬ አደርስልሃለሁ፤ የኔን ደግሞ አንተ በአገርህ አድርስልኝ» የሚል ነው። ይህ ለኛ ለገበሬዎች አዲስ ነገር አይደለም። ወንፈል ማለት ይኸው አይደል?

ይህ የዱሮ ፖስታ ዛሬም የመንግሥት ድርጅት ነው። የአሁኑ መጠሪያው ኢትዮ ፖስታ ነው።

ፖስታ ቤትና ዕድር

ዱሮ በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚቆረጠው በመንገዱ ርዝመት ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነበር። ድኻ ሰው «ደብዳቤ መጥቶልሃል» ሲባል መክፈል አቅቶት ደብዳቤውን ሳይከፍት ይመልሰው ነበር። ሮውላንድ ሂል የተባለ ሰው ይህን መረመረ። ብዙ ደብዳቤ አብሮ ሲጓዝ የመንገዱ ወጪ ለእያንዳንዱ ሲከፋፈል በጣም ትንሽ እንደሚሆን አገኘ። ስለዚህ በ1832 ዓ.ም. አዲስ ሥርዓት ወጣ። ለቀላል ደብዳቤ ቅርብም ይሁን ሩቅ ዋጋው አንድ ሆነ። ላኪውም በቴምብር አስቀድሞ እንዲከፍል ተደረገ። ይህ ሐሳብ ቀስ በቀስ በዓለም ላይ ተሰራጨ።

አንድ ዋጋ ማለት ምን ማለት ነው? የከተማ ደብዳቤ ብዙ ነው፤ መንገዱም አጭር ነው። ስለዚህ ትርፍ አለው። የገጠር ደብዳቤ ጥቂት ነው፤ መንገዱም ረጅም ነው። ስለዚህ ኪሳራ አለው። የከተማው ትርፍ የገጠሩን ኪሳራ ይሸፍናል። ፖስታ ቤት በዓለም ሁሉ ሲኖር የኖረው በዚህ ዘዴ ነው።

ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ዕድር ነው። በዕድር ውስጥ ቤቱ ከድንኳኑ ማስቀመጫ አጠገብ የሆነውም፣ ከወንዝ ማዶ የሆነውም እኩል ያዋጣሉ። ለወንዝ ማዶው ድንኳኑን ተሸክሞ መሻገር ያስፈልጋል፤ ድካም አለው። ሆኖም «አንተ ሩቅ ነህና ሁለት እጥፍ ክፈል» የሚለው የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል።

አሁን ደግሞ ክፉውን ጎን እንይ። አንድ ዕድር 100 አባላት አሉት እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ብር ያዋጣል። ጠቅላላው 2,000 ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ድንኳኑ ይጠገናል፤ ድስቱና ብርጭቆው ይሟላል፤ ለዘበኛውም ይከፈላል። ከአባላቱ 60 ሰው ቢወጣ 40 ሰው ይቀራል። መዋጮው 800 ብር ብቻ ይሆናል። አባላቱ ቀነሱ ተብሎ ግን ድንኳኑ አያንስም፤ ዘበኛውም ግማሽ ሌሊት ብቻ አይጠብቅም። ወይ እያንዳንዱ 50 ብር ማዋጣት አለበት፤ ወይ ድንኳኑ መሸጥ አለበት። 50 ብር ሲባል ደግሞ ሌላውም ይወጣል። ያን ጊዜ ዕድሩ ይፈርሳል።

በፖስታ ቤትም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ መኪና ከአዲስ አበባ ወልድያ ደርሶ እስኪመለስ 10,000 ብር ያስወጣል እንበል። 1,000 ደብዳቤ ቢጭን ለአንዱ ደብዳቤ የሚደርሰው ወጪ 10 ብር ነው። 100 ደብዳቤ ብቻ ቢጭን ግን ለአንዱ 100 ብር ይደርሳል። መኪናው ያው ነው፤ ሹፌሩም ያው ነው፤ ነዳጁም ያው ነው። የቀነሰው ደብዳቤው ብቻ ነው። የፖስታ ቤት የገንዘብ ችግር ሥሩ ይህ ነው።

ደብዳቤው ወዴት ሄደ?

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ጋምቤላ ለሰፈራ ተወሰደ። ወንድም ከወንድሙ፣ ልጅ ከእናቱ ተለያየ። በገጠር ስልክ አልነበረም። «አለሁ» የሚል ወሬ የሚመጣው ወይ በሰው አፍ ነው፤ ወይ በደብዳቤ ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤን የሚተካ ነገር አልነበረም።

ሞባይል ስልክ በአገራችን የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የከተማ ሰው ብቻ ያዘው። በኋላ ወደ ገጠርም ገባ። «እንዴት ናችሁ? ደኅና ነን» የሚለው ደብዳቤ ወደ ስልክ ሄደ። ፖስታ ቤት የገንዘብ ሐዋላ ያደርስ ነበር፤ ያም በብዛት ወደ ባንክ ሄደ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር መጣና ገንዘብ በስልክ መላክ ተቻለ። ይህ ሁሉ ለኛ መልካም ነው። የልጅን ድምፅ መስማት ከወረቀት ይበልጣል፤ ማንም አይክደውም።

ዕቃስ? ከአዲስ አበባ ወደ መርሳ ዕቃ የሚልክ ሰው ብዙውን ጊዜ ለአውቶቡስ ሹፌር ወይም ለረዳቱ ይሰጣል። ፈጣን ነው። ነገር ግን ደረሰኝ የለውም። ዕቃው ቢጠፋ «ለማን ሰጠህ?» ሲባል የሰውዬውን ስም እንኳ የማያውቅ አለ። ከባዱንና ውዱን ዕቃ ደግሞ በትልልቅ ከተሞች የግል መልእክት አድራሾች ይወስዱታል። የግል ድርጅት ትርፍ ወዳለበት ይሄዳል። እህል ነጋዴ መኪና ከሚገባበት ገበያ ይገዛል እንጂ በየጎጡ አይወጣም። ሥራው ነውና አንወቅሰውም። ግን ከፖስታ ቤት ላይ ትርፋማው ሥራ ሲነሣ የሚቀርለት አድካሚው ብቻ ነው።

ስልክ የማይወስደው ነገር

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሁሉም በስልክ ካለቀ ፖስታ ቤት ቢዘጋ ምን ይጎዳናል?

ስልክ ድምፅ ይወስዳል። ወረቀት ግን አይወስድም። የልጅ የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የጡረታ ሰነድ፣ የውክልና ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ እነዚህ ሁሉ ማኅተማቸውና ፊርማቸው የሚታይ ነገሮች ናቸው። ፎቶግራፋቸው በስልክ ቢመጣም ዋናው ሲጠየቅ ዋናው ያስፈልጋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ዕቃም እንደዚሁ ነው። መድኃኒት፣ መነጽር፣ የመኪና ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር መለዋወጫ በስልክ አይላክም።

ደግሞ ስልክም ይቆማል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ በነበሩ ጊዜ ስልክ፣ ባንክና መብራት ተቋርጠው ነበር። በስልክ ያለ ገንዘብ አልወጣም፤ የሩቅ ዘመድም ሞተ ዳነ አልታወቀም። እውነቱን ለመናገር፣ መንገድ ሲዘጋ ፖስታውም ይቆማል። መንገድ ሲከፈት ግን ከረጢት የያዘ መኪና ያለ ምንም ሽቦ ሊሄድ ይችላል። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት በሩ ሲዘጋ ሰው ውስጥ ይቀራል። ሁለት በር ያለው ግን በሌላው ይወጣል።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሩቅ ወረዳ ፖስታ ቤት «ኪሳራ ነው» ተብሎ ቢዘጋ፣ አንድ ገበሬ አንዲት ወረቀት ለመቀበል ደሴ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። የመኪና ይከፍላል። አልጋ ይከራያል። ምግብ ይገዛል። የአረም ወይም የአጨዳ ቀን ያልፈዋል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ስለዚህ ኪሳራው አልጠፋም። ከድርጅቱ መዝገብ ወጥቶ በገበሬው ኪስ ገባ እንጂ። በድርጅቱ መዝገብ ሳለ ተደምሮ ይታያል። በየገበሬው ኪስ ሲበተን ግን ማንም አይቆጥረውም። ስለ ፖስታ ቤት ኪሳራ ስንሰማ መጠየቅ ያለብን «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ቢዘጋስ ማን ይከፍለዋል?» ብለን ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። ሀብታም አገሮችም ገብተውበታል።

በአሜሪካ ተራው ደብዳቤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 ከ100 ቢሊዮን በላይ ነበር። በ2023 ወደ 46 ቢሊዮን ወረደ። በ2024 የበጀት ዓመት የአሜሪካ ፖስታ 9 ቢሊዮን ከ500 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ሆኖም ደብዳቤ በየቤቱ ማደሉን አላቆመም።

በዴንማርክ ከ2000 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ከአሥር ደብዳቤ ዘጠኙ ጠፋ። የመንግሥት ሀብት የሆነው የፖስታ ድርጅት ለ400 ዓመት የቆየውን ደብዳቤ የማደል ሥራ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. አቆመ። በየመንገዱ የቆሙትን የደብዳቤ ሣጥኖች ነቀለ። አሁን ዕቃ ብቻ ያደርሳል፤ ደብዳቤውን የግል ኩባንያ ይዞታል። ዴንማርክ ይህን ማድረግ የቻለችው ሕዝቧ የመንግሥትን ጉዳይ ከሞላ ጎደል በኮምፒዩተርና በስልክ ስለሚጨርስ ነው። እዚያም ቢሆን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቅር ብሏቸዋል።

ህንድ ሌላ መንገድ ይዛለች። ከ150 ሺህ በላይ ፖስታ ቤቶች አሏት። ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በገጠር ናቸው። በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በፖስታ ቤቶቹ ላይ የባንክ ሥራ ጨመረችባቸው። ፖስተኛው ደብዳቤ ሲያደርስ ትንሽ መሣሪያም ይይዛል። የገበሬውን ጣት አሻራ አይቶ ገንዘቡን እደጁ ይከፍለዋል። ይህ ሁሉ ሆኖም የህንድ ፖስታ አልከበረም፤ ዛሬም ከመንግሥት ድጎማ ይቀበላል። ሆኖም ህንዶች ፖስታ ቤቱን እንደ መንገድና እንደ ድልድይ ያዩታል። ድልድይ አተረፈ ወይስ ከሰረ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሰው ተሻገረበት ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

ለኛስ የትኛው ይሻላል?

በፊታችን አራት መንገዶች አሉ። እያንዳንዱን በየተራ እንመዝን።

1ኛ. የቴምብርን ዋጋ መጨመር። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የማድረሻ ዋጋም መጨመሩ አይቀርም። ነገር ግን ከመጠን ካለፈ በዕድሩ እንዳየነው የቀረውም ደንበኛ ይሸሻል።

2ኛ. የከሰረውን ፖስታ ቤት መዝጋት። መጀመሪያ የሚዘጋው የገጠሩ ነው። ይህ ደግሞ ኪሳራውን ወደኛ ኪስ ማዛወር ነው።

3ኛ. መንግሥት እንዲደጉም ማድረግ። ለሩቁ ሕዝብ ሲባል ይህ ተገቢ ነው። ግን የድጎማው ገንዘብ ከግብር የሚወጣ ነውና የት እንደ ዋለ መታየት አለበት። ሥራው በማይጨምርበት ቤት ገንዘብ ብቻ መጨመር በቀዳዳ ገንቦ ውኃ መቅዳት ነው።

4ኛ. አዲስ ሥራ መያዝ። ደብዳቤ ቀነሰ እንጂ ዕቃ አልቀነሰም። እንዲያውም ሰው በስልክ አይቶ ዕቃ መግዛት ሲለምድ የሚጓጓዘው ጥቅል ይበዛል። ፖስታ ቤት ፈጣን መልእክት ያደርሳል፤ ጥቅል ዕቃ ያደርሳል፤ ፓስፖርትም በፖስታ ቤት በኩል ለባለቤቱ የደረሰበት ጊዜ አለ። መኪናው ስለ ደብዳቤው መሄዱ ካልቀረ ባዶውን ከሚሄድ ዕቃ ቢጭን የደብዳቤውም ወጪ ይቀንሳል።

እንደኛ አስተያየት ዋናው መንገድ አራተኛው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለሩቁ ገጠር ምርኩዝ ይሁነው። ግን አንድ አደጋ አለ። አዲሱ ሥራ በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ብቻ ቢቀር፣ ድርጅቱ ይድናል፤ እኛ ግን እንቀራለን። ስለዚህ «ፖስታ ቤቱ አተረፈ» ሲባል ስንሰማ «እስከ የት ደርሶ?» ብለን እንጠይቅ። ከወልድያ እስከ መርሳ መንገዱ የአስፋልት ነው፤ ችግር የለበትም። የሚለፋው ከመርሳ ወደ ሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ያለው የመጨረሻው ጉዞ ነው። እዚያ ላይ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንደ ወኪል ሆኖ ቢቀበል፣ ለፖስታ ቤቱ አዲስ ቤት ሳይሠራ ለኛም መንገዱ ያጥርልናል። ይህ ዱሮ «በእገሌ በኩል ይድረስ» ስንል የኖርነው ነው። ልዩነቱ ደረሰኝና ኃላፊነት ያለው መሆኑ ነው።

የኛ ድርሻ

ከኛስ ምን ይጠበቃል? ሦስት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ አድራሻ መጻፍ እንወቅ። ብዙ ደብዳቤ የሚጠፋው አድራሻው ስለማይነበብ ወይም ስለሚጎድል ነው። የተቀባዩ ስም እስከ አባት ስም በደንብ ይጻፍ። ሣጥን ከሌለው በማን በኩል እንደሚደርሰው ይጻፍ። የሣጥኑ ቁጥርና የከተማው ስም አይቅር። ከፖስታው ጀርባ ደግሞ የላኪው ስምና አድራሻ ይጻፍ። ደብዳቤው ባለቤቱን ቢያጣ ወደ ላኪው የሚመለሰው በዚህ ነው። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦

ለአቶ ………………
በ ……………… ትምህርት ቤት በኩል
ፖ.ሣ.ቁ. ………
ወልድያ (ሰሜን ወሎ)

ሁለተኛ፣ ውድ ወረቀት በተራ ደብዳቤ አንላክ። በአደራ ደብዳቤ እንላክ። አደራ ደብዳቤ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል፤ ተቀባዩም ፈርሞ ይወስደዋል። ለላኪው ደረሰኝ ይሰጠዋል። ደረሰኙን እስከ መጨረሻው እናስቀምጥ። ደብዳቤው ቢዘገይ የምንጠይቀው በዚያ ቁጥር ነው።

ሦስተኛ፣ ሐሳባችንን እንናገር። ስለ ጤና ጣቢያና ስለ መንገድ በስብሰባ ላይ እንጠይቃለን። ስለ ፖስታ ቤት ግን ማንም ሲጠይቅ አይሰማም። ያልተጠየቀ ነገር እንደማያስፈልግ ይቆጠራል። የማይሠራበት በርም ይዘጋል።

ወደ መጀመሪያው ነገራችን እንመለስ። ያቺ እናት ደብዳቤዋን በነጠላዋ ቋጥራ አንባቢ ፍለጋ ስትሄድ የጎደላት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፊደል ነው። ፖስታ ቤቱማ ከሩቅ አገር አምጥቶ ድርሻውን ተወጥቶላት ነበር። ዛሬ እኛ ፊደሉን አግኝተናል። ፊደሉን አግኝተን መንገዱ እንዳይጎድለን እንጠንቀቅ። እስቲ ይህን ካነበብን በኋላ በሩቅ ላለ አንድ ዘመዳችን በገዛ እጃችን አንድ ገጽ ደብዳቤ እንጻፍ። በስልክ የነገርነውን ይረሳው ይሆናል። የእጃችንን ጽሕፈት ግን ያስቀምጠዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ደብዳቤ ሲቀንስ የፖስታ ቤት ወጪ አብሮ የማይቀንሰው ለምንድን ነው?
2. ፖስታ ቤትና ዕድር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. በቀበሌያችሁ ደብዳቤና ዕቃ በማን በኩል ቢደርስ ይሻላል? ኃላፊነቱን ማን ይውሰድ?
4. ባለፈው አንድ ዓመት ወረቀት ለመላክ ወይም ለመቀበል ስንት ቀንና ስንት ብር አወጣችሁ? ደምራችሁ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።